አሮጌ ጥሩምባ ለማን ይሸጣል?

ጥሩምባ ሲባል የከተማችን ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ የሰው ሞት የሚያስታውቀውን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የመኪና ጥሩምባ ትዝ ይለዋል። ሦስተኛው ጥሩምባ፥ ይኸውም በማርሽ ሙዚቀኞች ሰልፍ ፊት የሚያብረቀርቀውና ትራምፔት የሚባለው መሣሪያ፥ ስሙ የሚነሣው በበዓል ቀን ብቻ ነው። በዓሉ ሲያልፍ እርሱም ይረሳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው፥ ይልቁንም ካረጀ በኋላ ስለሚገጥመው ዕድል ነው።

አንድ ወጣት ከአባቱ ወይም ከአያቱ ሣጥን ውስጥ ስልሳ ሰባ ዓመት ያለፈው ትራምፔት አገኘ እንበል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መሣሪያውንም መንፋት አያውቅበትም፤ ስለዚህ ሊሸጠው አሰበ። በዚህ ጊዜ ሦስት ዓይነት ገዥ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ቁራሌው ነው። አንድ ትራምፔት ቢመዘን ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥምና፥ ለቁራሌው ይህ መሣሪያ አንድ ኪሎ ናስ ነው፤ ወደ ምናለሽ ተራ ወስዶ የሚያተርፍበትን ያህል ብቻ ይከፍላል። ሁለተኛው ገዥ ተጫዋቹ ነው፤ እርሱ የሚገዛው ድምፁን ነው። ሦስተኛው ሰብሳቢው ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚገዛው ዕድሜውን፥ ስሙንና ታሪኩን ነው። ዕቃው አንድ ሲሆን ዋጋው ሦስት ሆነ ማለት ነው። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል የአገራችን ተረት፤ በዚህ ገበያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቀው ገዥው ነው። ሻጩም የያዘውን ባለማወቁ የወርቅ ዋጋ ያለውን ዕቃ በናስ ዋጋ ይሰጣል፤ ወይም ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ ሰምቶ ተራውን መሣሪያ በሚሊዮን ካልሸጥሁ ብሎ ገዥ አጥቶ ይቀራል። ከሁለቱም ስሕተት የሚያድነው ማወቅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ለሙዚቃ መሣሪያ በብዛት የሚሠራበት ከመቶው 70 እጅ መዳብ፥ 30 እጅ ዚንክ የሆነው ቢጫ ናስ ነው፤ መዳቡ ወደ 85 እጅ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል። ይህ ናስ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ ሳስቶ ይጠቀለላል። አሮጌ ትራምፔት በትንሽ ግጭት የሚሰረጐደው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሳክስፎን አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁ የሚወጣው ከመንፊያው ላይ ከታሰረው የሸምበቆ ልጥ ስለ ሆነ፥ ሙዚቀኞች ከነክላርኔት ጋራ ነው የሚመድቡት። በናስ መሣሪያዎች ማለት በትራምፔት፥ በኮርኔት፥ በትሮምቦን፥ በቱባና በመሳሰሉት ግን ድምፁን የሚወልደው የተጫዋቹ ከንፈር ነው፤ ቱቦው የከንፈሩን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ያጐላዋል።

በጥንት ዘመን ትራምፔት እንደ እኛ መለከት ቁልፍ የሌለው ቱቦ ስለ ነበር ሊያሰማ የሚችለው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነበር። በ1818 በበርሊን ሽቶልዘልና ብሉመል የተባሉ ሁለት ሰዎች የአየሩን መንገድ የሚያረዝም ቫልቭ አስመዘገቡ፤ በ1838 ደግሞ በፓሪስ ፔሪኔ የተባለው ባለሙያ ዛሬ በትራምፔት ላይ በሦስት ጣት የምንጫነውን ዓይነት ቫልቭ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ማንኛውንም ዜማ ለመጫወት ቻለ፤ የጦር ሠራዊት ሁሉ ባንድ እያቋቋመ ሲሄድም ፋብሪካዎች በየአገሩ ተከፈቱ።

ወደ እኛ አገር የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። በ1896 ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላስ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ ለዐፄ ምኒልክ ተልከው ነበር። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሚጫወቱበትን ባንድ ሰምተው ወደዱትና አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1930 በዘውድ በዓል የተሰማውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ከእነርሱ በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች እየሰፉ ሄደው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ሆኑ። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ፥ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አሮጌ ጥሩምባ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ስም

ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በአሜሪካ፥ ይልቁንም በኢንዲያና ግዛት በምትገኘው ኤልክሃርት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ይህችን ከተማ ለዚህ ያበቃት ቻርልስ ጄራርድ ኮን የተባለ ሰው ነው። ኮን በእርስ በርስ ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ ኮርኔት ነፊ ነበር። ከጊዜ በኋላ በጠብ ላይ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ለኮርኔት ነፊ ከንፈሩ መሰንጠቁ ለጸሓፊ ጣቱ እንደ መቈረጡ ነው። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ ጠርዙ ጐማ የለበሰ መንፊያ ሠራና መጫወቱን ቀጠለ። መንፊያው በሌሎችም ዘንድ ስለ ተወደደ በ1870ዎቹ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1883 ፋብሪካው ተቃጠለ፤ እንደ ገና ሠራው። የከተማዋ ከንቲባም ሆኖ ነበር፤ ኋላም የምክር ቤት አባል ለመሆን በቃ። ከእርሱ ፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች የየራሳቸውን ፋብሪካ እየከፈቱ ኤልክሃርትን የጥሩምባ ከተማ አደረጓት።

ሁለተኛው ታላቅ ስም ቪንሰንት ባክ ነው። በ1890 በቪየና አጠገብ ተወለደ፤ ምህንድስና ተምሮ ሳለ ትራምፔት ነፊነትን መረጠ፤ በ1914 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ1918 መንፊያ መሥራት ጀመረ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ትራምፔት ማውጣት ቀጠለ። በ1953 ፋብሪካውን ከኒው ዮርክ አጠገብ ወዳለችው ወደ ማውንት ቨርነን አዛወረ፤ በ1961 ለሴልመር ኩባንያ ሸጠው፤ ሥራውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኤልክሃርት ተወሰደ። ለዚህ ነው አንድ የባክ ትራምፔት እጅ ውስጥ ሲገባ አዋቂው ሰው በመጀመሪያ በአፉ ላይ የተቀረጸውን የከተማ ስም የሚያነበው። «ኒው ዮርክ» ወይም «ማውንት ቨርነን» የሚል ቢሆን፥ መሥራቹ ራሱ ቆሞ ባሠራበት ዘመን የወጣ ነውና ሰብሳቢው ዓይኑን ያበራል። አንዲት የከተማ ስም ዋጋ ስትለውጥ እነሆ።

ከስሙ ሌላ በመሣሪያው ላይ ተራ ቍጥር አለ፤ በትራምፔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመካከለኛው ቫልቭ ቤት ላይ ነው። የታላላቆቹ ፋብሪካዎች ቍጥር በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ የሚያሳዩ ሰንጠረዦች ስላሉ፥ ቍጥሩን ያነበበ ሰው የመሣሪያውን ዕድሜ በቅርብ ግምት ያገኘዋል። አያት «የምኒልክ ዘመን ነው» ያሉት ጥሩምባ በቍጥሩ ሲመረመር የ1960ዎቹ ሆኖ ቢገኝ ቅር ሊያሰኝ አይገባም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ትልቅ ቁም ነገር፥ ማርጀት ብቻውን ዋጋ አለመሆኑ ነው። ለተማሪዎች ተብለው በብዛት የተሠሩ መሣሪያዎች ሰባ ዓመት ቢሞላቸውም በየቦታው ስለሚገኙ ዋጋቸው ትንሽ ነው።

ተጫዋቹና ሰብሳቢው

ሁለቱ ገዦች አንዱን መሣሪያ በሁለት ዓይን ያዩታል። ተጫዋቹ ቫልቮቹ አየር ያፈስሱ እንደ ሆነ፥ ድምፆቹ ከላይ እስከ ታች የተስተካከሉ እንደ ሆነ፥ ሲነፉት ይከብድ ወይም ይቀልል እንደ ሆነ ይመረምራል። ቀለሙ ቢገፈፍ፥ ትንሽ ቢሰረጐድ ግድ የለውም፤ እንዲያውም ብዙ የተነፋ መሣሪያ ጥሩ መሣሪያ መሆኑን ይመሰክራል ብሎ ያምናል። ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ግን አይችልም፤ ተጫዋች በየትም አገር ሀብታም አይደለም።

ሰብሳቢው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ቫርኒሽ አለ ወይ? ብሩ ልብሱ አልተነካም ወይ? ቅርጹ በግልጽ ይነበባል ወይ? ሣጥኑ የራሱ ነው ወይ? ከመሣሪያው ጋራ የተሸጠው መንፊያ አልጠፋም ወይ? ሣጥኑ ቢቀደድም እንኳ የራሱ ከሆነ ከአዲስ ሣጥን ይመርጠዋል። ተጫዋቹ ቱቦ ለውጦ ድምፁን ያሻሻለውን መሣሪያ ሰብሳቢው «ተበላሽቷል» ይለዋል። ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ናቸው።

ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ ዝና። ዲዚ ጊለስፒ የተባለው ታላቅ የጃዝ ትራምፔት ነፊ በጥር ወር 1953 በኒው ዮርክ በተደረገ ግብዣ ላይ ሳለ ሰው በትራምፔቱ ላይ ወደቀበትና አፉ ወደ ላይ ተጣመመ። ጊለስፒ አንሥቶ ቢነፋው ድምፁ ወደ ራሱ ጆሮ ፈጥኖ የሚደርስ ሆኖ አገኘው፤ ወደደውም። ከዚያ ወዲህ ትራምፔቱን ሁሉ አፉን ወደ ላይ አቅንቶ እያሠራ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው ታወቀ። ከእነዚህ ትራምፔቶቹ አንዱ፥ በማርቲን ኩባንያ የተሠራው፥ በ1995 ክሪስቲ በተባለው የሐራጅ ቤት በ63,000 ዶላር ተሸጠ። የማይልስ ዴቪስ ሰማያዊ የማርቲን ትራምፔት በ2019 በዚሁ ቤት 275,000 ዶላር አወጣ። የቻርሊ ፓርከር ሳክስፎን ደግሞ በ1994 በለንደን በ93,500 ፓውንድ ሲሸጥ ናስ እንኳ አልነበረም፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ቁራሌው ቢያገኘው ኖሮ በነጻም አይወስደው ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው የእኔም ጥሩምባ ተጣሟልና ይከብራል እንዳይል። የተከፈለው ለጠማማው ናስ ሳይሆን ለነፋው ሰው ነው። ያም ቢሆን የነፋው ሰው እርሱ መሆኑ በፎቶግራፍና በወረቀት ስለ ተረጋገጠ ነው።

ሻጭ ሊጠነቀቅበት የሚገባው

አሮጌ መሣሪያ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ወልውሎ ማብረቅረቅ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ስሕተትም ይህ ነው። በመወልወያ ማሽን የተፋቀ ናስ ይሳሳል፤ ቅርጹ ይደበዝዛል፤ የፋብሪካው ቫርኒሽ አንዴ ከሄደ አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ዋጋ ልጨምር ያለ ሰው ዋጋውን በጨርቅ ጠርጎ ይጥለዋል። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። ማጠብ ካስፈለገም ለብ ያለ ውሃ እንጂ የፈላ ውሃ አይነካውም፤ ሙቀቱ ቫርኒሹን ይልጠዋልና። በብር የተለበጠ መሣሪያ ቢጠቍር ዝገት አይደለም፤ ብር የሚያወጣው የራሱ ጥላ ነው፤ ለገዥው መተው ይሻላል።

ሁለተኛ፥ የተጣበቀ ነገር በጕልበት አይነቀልም። መንፊያው ቱቦው ውስጥ ቢነክስ ፒንሳ የሚያነሣ ሰው ቱቦውን ይጠመዝዘዋል፤ ለዚህ ሥራ የጥገና ባለሙያዎች የተለየ መንቀያ አላቸው።

ሦስተኛ፥ ጕድለቱን ራስ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከመንፊያው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ በብርሃን መርምሩ፤ ሮዝ የመሰሉ ነጠብጣቦች ከታዩ የትንፋሽ እርጥበት ዚንኩን በልቶ መዳቡን ብቻ አስቀርቷል ማለት ነው። ይህ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበላ በሽታ ስለ ሆነ ቀለም ቢቀቡት አይድንም። የቫልቩን ጤንነት ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ፤ የአንደኛውን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ቫልቩን ሳይጫኑ በእርጋታ ጥቂት ወደ ውጭ ስቦ ትንሽ መቈየት፥ ከዚያም ቫልቩን መጫን ነው። «ጶ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አየር አያፈስም፤ ዝም ካለ ግን ቫልቩ ተበልቷል።

አራተኛ፥ ዋጋ ሲገመት ሻጮች የጠሩትን ሳይሆን ገዦች በእርግጥ የከፈሉትን መመልከት ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ዋጋ ሊጠራ ይችላል፤ የመጥሪያ ቀረጥ የለበትምና።

ሐቀኛ ሻጭ ማን ነው?

በዚህ ንግድ ውስጥ በዓይን የማይታይ አንድ ወጥመድ አለ። ዛሬ አብዛኞቹ ባንዶች የሚቃኙት «ላ» የተባለውን ድምፅ በሴኰንድ 440 ንዝረት አድርገው ነው፤ ይህም በ1939 በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የተወሰነ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፊት ግን ብዙ ባንዶች ከዚህ ከፍ ባለ፥ ወደ 452 በሚጠጋ ቅኝት ይጫወቱ ነበር፤ የእንግሊዝ የናስ ባንዶች እንዲያውም እስከ 1960ዎቹ ድረስ አልተዉትም። ልዩነቱ በፒያኖ ላይ የሁለት ጐረቤት ቁልፎችን ርቀት እኩሌታ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ኮርኔት ውበቱ ፍጹም፥ ቫልቩ እንደ አዲስ ቢሆንም ከዛሬ ባንድ ጋራ ሊጫወቱበት አይቻልም። ለሰብሳቢው ይህ ምንም አይደለም፤ ለተጫዋቹ ግን ገንዘቡን ከመንገድ መጣል ነው። ይህን እያወቀ ዝም ብሎ ለተጫዋች የሚሸጥ ሰው ውሸት አልተናገረም ይሆናል፤ ግን አታልሏል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የታወቁ ነጋዴዎች ጕድለቱን ሁሉ በፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ ገዥውም መሣሪያውን ለጥቂት ቀን ወስዶ እንዲሞክረው ይፈቅዱለታል። ካልወደደው ይመልሳል። ይህ ሞኝነት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የናስ መሣሪያ ገዦች ቍጥራቸው ጥቂት ነው፥ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ፤ አንድ ጊዜ ያታለለ ሻጭ ሁለተኛ የሚሸጥለት ሰው አያገኝም።

ለማን ይገባል?

ተጫዋቹ «መሣሪያ የተሠራው ለመነፋት ነው፤ በመስታወት ሣጥን ማሰር ግፍ ነው» ይላል። ሰብሳቢው ደግሞ «አንተ በአሥር ዓመት ትንፋሽህ ውስጡን ትበላዋለህ፤ የሚተካውም የለም» ብሎ ይመልሳል። እኛ እንደሚመስለን ፍርዱ እንደ መሣሪያው ነው። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ የቈየ፥ ጓደኞቹ ያለቁበት መሣሪያ ለሰብሳቢ ወይም ለቤተ መዘክር ይገባል፤ በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ግዛት በ1973 የተቋቋመው ብሔራዊ የሙዚቃ ቤተ መዘክር እንደዚህ ያሉትን ሰብስቦ ባይዝ ኖሮ የእነ ኮን ፋብሪካ ታሪክ እኩሌታው በጠፋ ነበር። ብዙ ወንድሞች ያሉትና ተነፍቶ የተፈተነው ጥሩ መሣሪያ ግን፥ ዋጋው በጥቂት ቢያንስም እንኳ፥ ለሚነፋ ወጣት ቢደርስ ደስ ይለናል። ሳይነፋ የተቀመጠ ትራምፔት ዘይቱ ይደርቃል፤ ተንሸራታቹ ይነክሳል፤ ድምፁንም የሚያውቅ ሰው እያለቀ ይሄዳል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከገበያ ከፍ ያለ ነው። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት አንዳንዶቹ ነገ ከነገ ወዲያ በንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጣቸው አይቀርም። ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ የጽሕፈት መኪና ዝርዝር መካከል «የማያገለግል ጥሩምባ፥ ብዛት 6» የሚል መስመር ቢገጥማቸው ከመፈረማቸው በፊት ወደ ዕቃ ቤቱ ወርደው በአፉ ላይ የተቀረጸውን ስምና በቫልቩ ላይ ያለውን ቍጥር እንዲያነቡ እንለምናቸዋለን። የመንግሥት ንብረት የሆነ መሣሪያ በግለሰብ እጅ ቢገኝም የሚሸጥ አይደለም። ታሪክ ያለውን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በ2000 በወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የውጭ አገር ሰብሳቢ ገንዘብ ከማጓጓቱ በፊት የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቤት ላለው መሣሪያ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የነፋው ሰው በሕይወት ካለ ወይም የሚያውቀው ሽማግሌ ካለ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ በየትኛው ባንድ ተነፋ? በማን መሪነት? በየትኛው ዓመት፥ በየትኛው በዓል? የተባለውን በወረቀት ጽፎ፥ ቀን አድርጎ፥ ፎቶግራፍ ካለ ጨምሮ በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ተጫዋቹ ይህን ወረቀት አይጠይቅም፤ ሰብሳቢው ግን ከመሣሪያው በፊት የሚጠይቀው እርሱን ነው፤ የአገር ታሪክ የሚጽፍ ሰውም እንደዚሁ። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ግን ወረቀቱን የሚጽፈው አይኖርም፤ ጥሩምባውም ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ኪሎ ናስ ሆኖ የቁራሌውን ጥሪ ይጠብቃል።